ከ50 በታች፦ የ12ኛ ክፍል ፈተናና ደጅ የሚቀሩት ተማሪዎች

በጥር 2015 ዓ.ም. የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድ ልጅ እንኳ አላሳለፉም። በቀጣዩ፣ በ2015ቱ ፈተና ከ845,188 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 36,409 ሲያልፉ መጠኑ ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882ቱ 48,929 አልፈው 8.4 በመቶ ደረሰ።

ስለ እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ተብሏል። አንዱ እውነት ወጣ ሲል ሌላው ትውልድ ከሰረ ይላል። ክርክሩ በአብዛኛው የሚያተኩረው ግን መስመሩን ባለፉት ጥቂቶችና በውጤቱ አሳፋሪነት ላይ ነው። በአንድ ዓመት ብቻ ከመስመሩ በታች የቀሩት 866,611 ወጣቶች ምን ሆኑ? ፈተናው ስለ እነሱ የነገረን ምንድን ነው? ምን አማራጭስ ተሰጣቸው? ጥያቄውን ከሥሩ ለማየት ፈተናው ከየት እንደመጣ መጀመር ይሻላል።

የማትሪክ ዘመን

«ማትሪክ» የሚለው ቃል ታሪኩን በስሙ ተሸክሟል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የሚቀመጡት ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ነበር፤ «ማትሪኩሌሽን» በአፋችን ተቆርጦ ማትሪክ ሆነ። አገሪቱ የራሷን የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና ስታቋቁምም ስሙ አልለቀቀም፤ የ8ኛ ክፍሉ ፈተና ዛሬም «ሚኒስትሪ» እንደሚባለው ሁሉ።

ያ ፈተና ለእያንዳንዱ ትምህርት ከኤ እስከ ኤፍ ፊደል ይሰጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ጥቂት ሰው ነው፤ ወንበሩም ጥቂት ነበር። ሆኖም ያልገባውም ወረቀቱን ይዞ መምህራን ማሠልጠኛ ያመለክታል፤ መሥሪያ ቤት ይወዳደራል። አሠሪው «እንግሊዝኛ ሲ፣ ሒሳብ ዲ» የሚለውን አይቶ ምን ዓይነት ሰው እንደመጣለት ይገምታል። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

በሩን ማን ይለፍ የሚለው ጉዳይ ፖለቲካ ከሆነ ቆይቷል። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ለብዙኃኑ ሕፃናት አጭር መሠረታዊ ትምህርት፣ ለጥቂቶች ደግሞ ቀጣዩን ደረጃ የሚያስብ ነበር። ምክረ ሐሳቡ በ1966 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ወላጆችም ለድኻ ልጅ በር ሊዘጋ ነው ብለው ተቆጡ። ለአብዮቱ መፈንዳት አስተዋጽኦ ካደረጉት ቅሬታዎች አንዱ ይህ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተሰብ ትምህርት ቤትን ከድህነት መውጫ መሰላል አድርጎ ነው የሚያየው። መሰላሉን የሚነካ ማንኛውም ለውጥ በቴክኒክ ቋንቋ ብቻ ሊገለጽ አይችልም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወንፊቱን ሁለት አደረገው። አንዱ 10ኛ ክፍል ላይ፣ ሌላው ከሁለት ዓመት መሰናዶ በኋላ 12ኛ ላይ ሆነ። 10ኛን ያላለፈ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል፤ «10+1»፣ «10+2»፣ «10+3» እየተባለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የ10ኛ ክፍል ፈተና ቀረና ሁሉም ተማሪ እስከ 12ኛ እንዲቀጥል ተደረገ። አሳቡ መልካም ነበር፤ የ16 ዓመት ልጅ ዕጣ በአንድ ፈተና እንዳይወሰን ነው። ውጤቱ ግን ቀድሞ በሁለት ቦታ ይጣራ የነበረው ሕዝብ በሙሉ አንድ ወንፊት ላይ መከማቸቱ ሆነ።

ውድድርና መለኪያ

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመግቢያ ፈተና ውድድር ነው። መቶ ወንበር ካለ ከላይ መቶ ሰው ይቆጠራል፤ የመቶ አንደኛው ሰው ጎበዝም ቢሆን ውጭ ይቀራል። የማጠናቀቂያ ፈተና ግን መለኪያ ነው። የሚጠይቀው ልጁ መማር የነበረበትን ተምሯል ወይ ብሎ ነው፤ ሁሉም ሊያልፍ፣ ሁሉም ሊወድቅም ይችላል።

ለረጅም ጊዜ የ12ኛ ክፍል ፈተና በተግባር ውድድር ነበር። መቁረጫ ነጥቡን የሚወስነው የዩኒቨርሲቲዎች የመቀበል አቅም ነው። በ1980ዎቹ ማብቂያ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ወንበሩ ሲበዛ መቁረጫው ወረደ፤ መቁረጫው ሲወርድ ከግማሽ በታች ያመጣ ተማሪም ዩኒቨርሲቲ ገባ። ይህ ተደብቆ የነበረ ነገር አልነበረም፤ ማንም ግን በቁጥር አስልቶ ፊት ለፊት አላስቀመጠውም።

በፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የሚመራው ትምህርት ሚኒስቴር በ2014ቱ ፈተና ሁለት ነገር አንድ ላይ ለወጠ። ተማሪዎች ከየቀያቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲፈተኑ አደረገ፤ 50 በመቶንም የማለፊያ መስመር አደረገ። በዚህም ውድድሩ መለኪያ ሆነ። የፈተናው ስም የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ነው፤ ሥራው ግን አሁንም ዩኒቨርሲቲ የሚገባውን መለየት ነው። አንድ ቁጥር «ትምህርቱን ጨርሷል» እና «ዩኒቨርሲቲ ይገባል» የሚሉ ሁለት ፍርዶችን በአንድ ጊዜ ይሰጣል። አብዛኛው ግራ መጋባት የሚነሣው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ውጤቱ ለምን እንዲህ ሆነ?

የመጀመሪያው መልስ ኩረጃ ነው። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው በማኅበራዊ ሚዲያ አስቀድሞ ወጥቶ በመጀመሪያው ቀን ተሰረዘ። ከዚያም በኋላ የፈተና መሰረቅ፣ በስልክ መልስ ማሰራጨትና በቡድን መኮራረጅ የየዓመቱ ወሬ ሆነ። በዚህ አስተያየት መሠረት የ3.3 በመቶው ውጤት አዲስ ውድቀት አይደለም፤ የቀድሞው ከፍ ያለ ውጤት ነበር ሐሰቱ። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ፈተናው በተዘጋ ግቢ መሰጠቱ የሁሉንም ተማሪ ውጤት በእኩል ዓይን ለማየት አስችሏል፤ በሐቅ ሲያጠና የኖረውም ልጅ ከሚኮርጀው ጎረቤቱ በታች መሆኑ ቀርቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ኩረጃ የቀድሞው ቁጥር ለምን ከፍ እንዳለ ያስረዳል እንጂ እውነተኛው ቁጥር ለምን ዝቅተኛ እንደሆነ አያስረዳም።

ለዚያ ሁለተኛውን መልስ ፍለጋ ወደ ታች ክፍሎች መውረድ ያስፈልጋል። በ2002 ዓ.ም. በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ዘመን የአንደኛ ደረጃ ጀማሪዎች ብዙዎቹ ናቸው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ለ12ኛ ክፍል ፈተና የተቀመጡት። የዓለም ባንክ ግምት ደግሞ በኢትዮጵያ ከአሥር ዓመት ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ይላል። ሚኒስቴሩ ትምህርት ቤቶችን በአራት ደረጃ ሲመዝንም አብዛኞቹ ከሦስተኛው ደረጃ በታች ይወድቃሉ። ቤተ ሙከራ ሳያይ ኬሚስትሪ የጨረሰ፣ የራሱ መማሪያ መጽሐፍ ያልነበረው ተማሪ 12ኛ ክፍል ላይ ቢወድቅ የወደቀው እዚያ ዕለት አይደለም። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ሦስተኛው መልስ ስለ ቋንቋ ነው፤ ከሁሉም ያነሰ የተጠናውም እሱ ይመስለኛል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጣል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ በአንዳንድ ክልሎችም ከ7ኛ፣ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ታሪክን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ አጥርቶ ሊያስረዳ የሚችል ልጅ ጥያቄውን ባለመረዳቱ ሊሳሳት ይችላል። በ2014ቱ ፈተና ከተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች 6.8 በመቶ ሲያልፉ ከማኅበራዊ ሳይንስ ያለፉት 1.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ ጠንከር ያሉት ተማሪዎች የተፈጥሮ ሳይንስን ስለሚመርጡ ነው? ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ ፈተና ረጅም የእንግሊዝኛ ንባብ ስለሚጠይቅ? ወይስ በሁለቱም በኩል ያሉት ጥያቄዎች ክብደት እኩል ስላልሆነ? ሦስቱም አሳማኝ ናቸው፤ የእያንዳንዱን ድርሻ ለመለየት ግን ተማሪዎች ለየጥያቄው የሰጡት መልስ በዝርዝር ተተንትኖ መቅረብ አለበት።

በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነት አለ። የትግራይ ተማሪዎች ለዓመታት ፈተና ሳይቀመጡ ቆይተዋል። በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት የከረመ ልጅም፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት ቀን ከሌት ሲያጠና የከረመ ልጅም የሚለኩት በአንድ መስመር ነው።

50 ማለት ስንት ነው?

«ግማሹን እንኳ ማምጣት ያቃተው እንዴት ዩኒቨርሲቲ ይገባል?» የሚለው ጥያቄ ጆሮ ይገባል። ሒሳቡን ጠጋ ብለን ስናየው ግን ነገሩ በሁለቱም ወገን ከሚባለው ይለያል።

ፈተናው አራት ምርጫ ያለው ነው። ምንም የማያውቅ ሰው በግምት ቢያጠቁር ከአራት አንዱን ያገኛል፤ 25 በመቶ። የጥያቄዎቹን አንድ ሦስተኛ በትክክል የሚያውቅ ተማሪ የቀሩትን በግምት ቢሞላ ወደ 50 ይደርሳል። ስለዚህ 50 ማምጣት «ግማሹን ማወቅ» ማለት አይደለም፤ ወደ ሲሶ የሚጠጋ ማወቅ ነው። መስመሩ ከፍ ብሏል የሚሉ ሰዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። በ2015ና በ2016ቱ ፈተናዎች የሁሉም ተፈታኞች አማካይ ውጤት ከ30 በመቶ በታች ነበር። ከግምት ብዙም አይርቅም፤ ይህ ከማለፊያው መጠን ይልቅ ያስደነግጣል።

በሌላ በኩል 50 ምንም ተፈጥሯዊ ክብር የለውም። የዘንድሮ ፈተና ከአምናው ጥቂት ቢከብድ ያው ልጅ አምና 52፣ ዘንድሮ 47 ሊያመጣ ይችላል። ይህን ለማስተካከል የፈተና ባለሙያዎች ዘዴ አላቸው። የዓመቶቹን ፈተናዎች በጋራ ጥያቄዎች ያያይዙና ነጥቡን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣሉ። ያለዚህ ከ3.3 ወደ 8.4 በመቶ የተደረገው ጉዞ ምን ያህሉ የተማሪ መሻሻል፣ ምን ያህሉ የጥያቄ መቅለል እንደሆነ መናገር ይከብዳል። የተፈታኙ ቁጥር በሦስት ዓመት ከ896 ሺህ ወደ 586 ሺህ መውረዱም አብሮ መታየት አለበት። ደካማው ተማሪ ፈተናው ላይ ሳይደርስ ከቀረ የአላፊው መጠን ማንም ሳይማር ከፍ ይላል።

ለወደቁት የተከፈቱ በሮች

ዋናው አማራጭ የአቅም ማሻሻያው ነው፤ ተማሪው «ሪሚዲያል» የሚለው። 2015 ላይ ሲጀመር ከ50 በታች ካመጡት መካከል ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተመደቡ። የተፈጥሮ ሳይንሶቹ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊዎቹ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ ለወራት ተማሩ። ከነጥቡ 70 በመቶ በማዕከል ከሚዘጋጅ ፈተና፣ 30 በመቶ ከዩኒቨርሲቲው ምዘና ተይዞ ግማሽ ያመጣ አንደኛ ዓመት ገባ። የመግቢያው ነጥብ ለሴቶች፣ ለአርብቶ አደር አካባቢ ልጆችና ለዓይነ ስውራን ዝቅ እንዲል ተደርጓል።

ለፕሮግራሙ የሚሰጠው ምስጋና ተገቢ ነው። ጥቂት ነጥብ የጎደለውን ልጅ ሜዳ ላይ አልጣለም፤ ባዶ ሊቀሩ የነበሩ ግቢዎችንም ሞልቷል። ሁለት ጥያቄ ግን ያስከትላል። አንደኛ፣ አራት ዓመት ያልተማሩትን በአራት ወር ማስተማር ይቻላል ወይ? አጋጣሚው ራሱ የሚያሳየው ነገር አለ። ለልጁ የተለወጠለት ነገር ዩኒቨርሲቲ መግባቱ፣ መምህር ማግኘቱና ቤተ መጻሕፍት ማየቱ ከሆነ፣ ችግሩ የአእምሮ ሳይሆን የትምህርት ቤት ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ሪሚዲያል የሚወስደው ከወደቁት መካከል ከላይ ያሉትን ነው። 45 ያመጣው ይረዳል፤ 28 ያመጣው አይረዳም። ለተቸገሩት የተዘጋጀ ይመስላል እንጂ ከሁሉም የተቸገሩትን አይነካም።

ለእነሱ የቀረው በግል ተፈታኝነት እንደገና መቀመጥ ወይም ቴክኒክና ሙያ ነው። ድጋሚ ፈተና ያለ ትምህርት ብዙም አይጠቅም፤ ከዓመት በፊት ያላወቀውን ልጅ ቤት ተቀምጦ ማን ያስተምረዋል? ሙያ ትምህርት ቤት ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የወደቀ መሄጃ ተደርጎ ስለተሳለ ጎበዝ የብየዳ ወይም የኤሌክትሪክ ባለሙያ በሚፈልግ አገር ተማሪው በሐፍረት ይገባበታል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያ ትምህርቶችን ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ማምጣቱ ይህን አመለካከት ሊሰብር ይችላል፤ ወርክሾፕና መሣሪያ ከተገኘ። የግል ኮሌጆችም የ50 መስመር ስለሚመለከታቸው ቀድሞ የሚቀበሉትን ተማሪ ዛሬ በቀጥታ ሊቀበሉ አይችሉም።

ሌሎች የሄዱባቸው መንገዶች

አሜሪካ በዚህ ጉዳይ ረጅም ልምድ አላት። ፍሎሪዳ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈተና ያላለፈ ዲፕሎማ አይሰጠውም ስትል ጥቁር ተማሪዎች ከሰሷት። ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገር አጸና። በዘር በተከፋፈለ ትምህርት ቤት የጀመሩ ልጆች በዚያ ፈተና ዲፕሎማ ሊከለከሉ አይገባም፤ መንግሥትም የፈተነውን ነገር በእርግጥ ማስተማሩን ማሳየት አለበት። ይህ ሁለተኛው መርሕ የእኛም ክርክር እምብርት ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ ሳያሳልፉ ሲቀሩ፣ ማስተማሩን ማሳየት ያለበት ማን ነው?

ከዚያ በኋላ ፈተናው በብዙ ግዛቶች ተስፋፋ፤ ኋላ ግን አፈገፈገ። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2011 (እ.ኤ.አ.) ማስረጃውን ገምግሞ የመውጫ ፈተናዎች የተመራቂዎችን መጠን በሁለት ነጥብ ገደማ እንደሚቀንሱ፣ ዕውቀትን ግን ከፍ እንዳላደረጉ ደመደመ። ካሊፎርኒያ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ፈተናውን አቁማ ቀደም ሲል በእሱ ምክንያት ዲፕሎማ ለተከለከሉት ሰጠች። ማሳቹሴትስ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በሕዝብ ድምፅ ግዴታውን አነሳች። ቴክሳስ መካከለኛ መንገድ መረጠች። ከአምስቱ ፈተናዎች እስከ ሁለት የወደቀ ተማሪ ጉዳይ ርእሰ መምህሩ፣ መምህሩና ወላጁ ባሉበት ኮሚቴ ይታያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ ግን ፈተናው አሁንም ለዲፕሎማ ይጠየቃል።

ይህን ልምድ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት ስሕተት ይሆናል። በአሜሪካ መምህሩ የሚሰጠው ነጥብ በአብዛኛው ይታመናል፤ ፈተናው ቢነሳ የሚተካው አለ። በእኛ አገር የትምህርት ቤት ነጥብ በብዙ ቦታ ተአማኒነት አጥቷል። ብሔራዊ ፈተናውን ማንሳት ለባለገንዘብና ለባለዘመድ በር መክፈት ሊሆን ይችላል፤ ለድኻው ልጅ ከማያዳሉ ጥቂት ዳኞች አንዱ በኮድ የታረመ ወረቀት ነው።

የኬንያ መንገድ ይቀርበናል። በዚያ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ከኤ እስከ ኢ ደረጃ ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሲ ፕላስ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታች ያመጣውም በያዘው ደረጃ የዲፕሎማና የሰርተፊኬት ሥልጠና ያመለክታል። የእንግሊዝ ልምድ ደግሞ ያስጠነቅቃል። በ16 ዓመታቸው እንግሊዝኛና ሒሳብ ያላለፉ ተማሪዎች ትምህርቱን እንዲቀጥሉ ግዴታ ቢኖርም በድጋሚ ከሚፈተኑት መካከል ከአራት አንዱ እንኳ አያልፍም። ዘግይቶ መደገፍ ውድ ነው፤ ፍሬውም ጥቂት ነው።

ያልተቋጨው

ተከራካሪዎቹ የሚስማሙባቸው ነገሮች እየበዙ መጥተዋል። ኩረጃን መዝጋት ትክክል ነበር። ችግሩ ከታች ክፍሎች ይጀምራል። «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ለትምህርት ቤቶች ግንባታ የሚደረገው ርብርብ ከጣራና ግድግዳ አልፎ ወደ ንባብና ወደ መምህሩ ካልደረሰ ከዛሬ አሥር ዓመት በኋላም ስለዚሁ ቁጥር እንነጋገራለን። የማይስማሙበት ደግሞ ይህ ነው፦ መስመሩ በ50 ይቆይ ወይስ በየትምህርቱ ይለይ? የፈተናው ቋንቋስ? ሪሚዲያል በዩኒቨርሲቲ ይሰጥ ወይስ ልጁ ሳይወድቅ በፊት፣ 9ኛ ክፍል ላይ?

የእኔ ፍርድ ሁለቱን ሥራዎች መለያየት ይሻላል የሚል ነው። ዩኒቨርሲቲ መግቢያው በ50 ይቁም፤ ከዚያም በላይ ይሁን። ትምህርት ማጠናቀቁን የሚመሰክረው ወረቀት ግን እንደ ቀድሞው ማትሪክ በየትምህርቱ ደረጃ የሚሰጥ፣ አሠሪውና የሙያ ኮሌጁ የሚያውቁት፣ ከ50 በታች ላለውም ትርጉም ያለው ይሁን። በእንግሊዝኛ 58፣ በሒሳብ 31 ያመጣች ልጅ አንድ ነገር ታውቃለች፤ «ወደቀች» የሚለው ቃል ግን ይህን አይናገርም። ትምህርት ሚኒስቴርና የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትም የየዓመቱን ውጤት በየትምህርቱ፣ በየወረዳውና በየጥያቄው ለተመራማሪዎች ክፍት ያድርጉ። የተማሪዎቹ ስም ሳይወጣ ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ካልተደረገ ግን የቋንቋውም፣ የጥያቄው ክብደትም፣ የሪሚዲያሉ ፍሬም ጥያቄ በግምት እንደተንጠለጠለ ይኖራል።